«ማን ቆጠረው?» (የጁሙዓ ማስታወሻ)



ምስጋና ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይውረድ።

ዛሬ የምናወራው ስለ ቁጥር ነው። በየቀኑ ስልካችን ላይ ስለሚመጡት፣ «ሱብሓነላህ!» ብለን ሳንጨርስ ወደ ሌላ ግሩፕ ስለምናሻግራቸው ቁጥሮች። «ሳይንስ አረጋገጠ» ይላል አንዱ። ሌላው በመቶኛ ተጽፎ፣ ከጀርባው የካዕባ ፎቶ ተደርጎለት ይመጣል። ሐሜት ሲመጣ ቢያንስ ሐራም መሆኑ ትዝ ይለናል። ቁጥር ሲመጣ ግን ዘብ የሚቆም የለም፤ ቁጥር የሚዋሽ አይመስለንማ።

ከበድር ልጀምር።

ኢብኑ ኢስሐቅ በሲራቸው እንደዘገቡት፣ ከውጊያው በፊት ሰሓቦች ወደ በድር ውኃ ሄደው ሁለት ውኃ ቀጂ ልጆችን ይዘው መጡ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በዚያ ሰዓት ሶላት ላይ ነበሩ። ልጆቹ ሲጠየቁ የቁረይሽ ጦር ውኃ ቀጂዎች ነን አሉ። ሰሓቦች ግን ይህን መስማት አልፈለጉም። እነሱ የወጡት ጥቂት ጠባቂ ብቻ ያለውን የአቡ ሱፍያንን የንግድ ቅፍለት ፈልገው ነው፤ ልጆቹም የእሱ ሰዎች ቢሆኑ ይመርጡ ነበር። ስለዚህ መቷቸው። ልጆቹ ሲጨንቃቸው የአቡ ሱፍያን ነን አሉ፤ ያኔ ተዋቸው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሶላታቸውን እንደጨረሱ ወደ ሰሓቦቻቸው ዞረው፣ እውነቱን ሲነግሯችሁ መታችኋቸው፣ ሲዋሿችሁ ለቀቃችኋቸው አሏቸው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እነዚህ ሰዎች ከዚህ ኡማ ምርጦቹ ናቸው። የጦር መሣሪያ የሌለውን ወገን መመኘታቸውን አላህ ራሱ በሱረቱል አንፋል 7ኛው አንቀጽ ነግሮናል። መመኘት ወንጀል አይደለም። ግን ምኞት ጆሮ ላይ ሲቀመጥ፣ የምንፈልገውን መልስ እስክናገኝ ድረስ መረጃን መደብደብ እንጀምራለን። የምንፈልገውን ሲነግረን ደግሞ እንለቀዋለን፤ ጥያቄ የለም። አሁን ዱላው የለም እንጂ፣ የምንወደው ቁጥር ሲመጣ «ማሻአላህ» ብለን የምንለቀው፣ የማንወደው ሲመጣ «ይሄ የጠላት ወሬ ነው» ብለን የምንመታው ያው ነገር ነው።

ታሪኩ አላለቀም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ልጆቹን የቁረይሽ ሰው ስንት ነው ብለው ጠየቁ። ብዙ ነው አሉ። ቁጥሩስ? አናውቅም። ታዲያ በቀን ስንት ግመል ያርዳሉ ብለው ጠየቋቸው። አንድ ቀን ዘጠኝ፣ አንድ ቀን አሥር አሉ። እሳቸውም ሰዎቹ ከ900 እስከ 1000 ይሆናሉ አሉ።

አስተውሉ። ልጆቹ የማያውቁትን አልተገደዱም፤ ያዩትን ተጠየቁ። ጦር መቁጠር አይችሉም፣ የሚታረድ ግመል ግን በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ግመል ስንት ሰው እንደሚያበላ ደግሞ የታወቀ ነው። መልሱም «943 ናቸው» አልተባለም፤ ከዚህ እስከዚህ ተባለ። ወሕይ የሚወርድላቸው ነብይ ናቸው፤ ግን ለእኛ ትምህርት እንዲሆን ከሚታይ ነገር ተነስተው፣ ግምቱን በግምት ልክ ተናገሩ። ይህ በተደረገበት ዲን ውስጥ ሆነን «ምንጩ አይታወቅም ግን ደስ ይላል» ብሎ ቁጥር ማሻገር ትንሽ አያሳፍርም?

አሁን ወደሚያመው ልግባ። ብዙዎቻችን የተቀባበልነው አንድ ፖስት አለ። በቁርኣን ውስጥ «ቀን» የሚለው ቃል 365 ጊዜ፣ «ወር» 12 ጊዜ፣ «ባሕር» 32 ጊዜ፣ «የብስ» 13 ጊዜ ተጠቅሷል ይላል። ባሕሩና የብሱ ሲደመር 45፤ ባሕሩ 71 በመቶ፣ የብሱ 29 በመቶ ግድም፤ የምድር ገጽ ልክ እንዲህ ነው ይላል።

ቁርኣን የአላህ ቃል ነው። ሙዕጂዛ ነው። በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ጥያቄው የሰው ቆጠራ ላይ ነው፤ የቆጠረው ሰው ነውና።

ወርን እንቁጠር፤ አጭር ስለሆነ ማንም ሙስሐፍ ይዞ ሊከተለኝ ይችላል። «ሸህር» የሚለው በነጠላ በበቀራ 185 ሁለት ጊዜ፣ በ194 ሁለት ጊዜ፣ በ217 አንድ ጊዜ ይመጣል። በማኢዳ 2 እና 97 አንድ አንድ ጊዜ። በተውባ 36፣ በሰበእ 12 ሁለት ጊዜ፣ በአሕቃፍ 15፣ በቀድር 3። በእርግጥ 12 ነው። ግን «ሁለት ወር» የሚለው በኒሳእ 92 እና በሙጃደላ 4 አለ። ብዙ ቁጥሩ «አሽሁር» ስድስት ቦታ አለ፤ «ሹሁር» ደግሞ አንድ ቦታ። ሁሉም ሲደመር 21 ይሆናል። 12 የሚመጣው ዘጠኙን ከጣልናቸው ብቻ ነው። ለምን ይጣላሉ? ቆጣሪው 12 ስለሚፈልግ።

የሚገርመው ደግሞ ይህ ነው፤ አላህ በተውባ 36ኛው አንቀጽ የወሮች ቁጥር እሱ ዘንድ 12 መሆኑን በግልጽ ነግሮናል። ምንም የተደበቀ ነገር የለም። ያ ፖስት ግን 12 ላይ ለመድረስ በዚያው አንቀጽ ውስጥ ያለውን «ሹሁር» የሚለውን ቃል ከቆጠራው ማውጣት አለበት። አላህ በግልጽ የተናገረውን ትቶ፣ ከአንቀጹ ቃል ቀንሶ ወደ ሚስጥር መሮጥ ምን ይባላል?

ቀንም እንደዚያው ነው። ሁሉም ቅርጾቹ ሲቆጠሩ ከ400 በላይ ይሆናል፤ 365 የሚሆነው «የውመኢዚን»፣ ሁለትዮሹ፣ ብዙ ቁጥሩና ተውላጠ ስም የተቀጠለበት ሲወጣ ነው። የባሕሩ ደግሞ በሌላ መንገድ ይሠራል። እዚያ የብስ 13 የሚሞላው 12 ጊዜ በመጣው «በር» ላይ፣ በጣሃ 77 ያለውና ሌላ ቃል የሆነው «የበስ» ሲጨመርበት ነው። «አርድ» የሚለውና ከ400 ጊዜ በላይ የመጣው ቃል ግን አልተቆጠረም። አንዱ ጋ ይቀነሳል፣ ሌላው ጋ ይጨመራል። ሕጉ አንድ አይደለም፤ መድረሻው ግን ቀድሞ ታውቋል።

«ታዲያ ምን ይጎዳል? ሰው ኢማኑ ጨመረ» የሚል ወንድም ይኖራል። ይጎዳል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ አለ። ዶርም ውስጥ ሲከራከር ይህን ፖስት እንደ ትልቅ ማስረጃ ያወጣዋል። አብሮት የሚኖረው ልጅ አሥር ደቂቃ ቁጭ ብሎ ፈልጎ «21 ነው» ይለዋል። በዚያች ቅጽበት ልጁ የተሸነፈው ቁርኣን እንደሆነ ይሰማዋል። የተሸነፈው ግን ቁርኣን አይደለም፤ ማንነቱ የማይታወቅ ቆጣሪ ነው። ይህን ልዩነት ቀድሞ የነገረው ሰው ካልነበረ ግን፣ ማን ያጽናናዋል? ኢማንን በአሸዋ ላይ አስደግፎ ለወጣት መስጠት አማና ማጉደል ነው ባይ ነኝ።

ሌላው በየረመዷኑ የምንሰማው ነው። «ሳይንስ እንዳረጋገጠው ልማድ በ21 ቀን ይገነባል፤ ረመዷን ደግሞ 30 ቀን ነው!» ከሚንበር ሳይቀር ይነገራል። የ21 ቀኑ ነገር በሰፊው የተዛመተው ማክስዌል ማልትዝ ከሚባል አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነው። በ1960 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመላመድ ቢያንስ ወደ 21 ቀን እንደሚፈጅባቸው ማስተዋሉን ጻፈ። ስለ ሶላት አይደለም፣ ስለ ቂያም አይደለም። በኋላ «ቢያንስ» የሚለው ቃል ወደቀ፣ «መልክ» የሚለውም ወደቀ፣ 21 ብቻዋን ቀረች።

በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች በእውነት ሲለኩት ሌላ ነገር ነው የወጣው። በ2009 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት 96 ፈቃደኞችን ተከታተሉ። አንድ ነገር ሳይታሰብ የሚሠራ ልማድ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ግድም ፈጀ፤ ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ሊለያይ እንደሚችል ገመቱ። አንድ ቀን መዝለል ደግሞ ልማዱን እንደማያፈርስ አዩ።

ይህ ለምን አስፈለገ? ሸዋል በገባ በሁለተኛው ሳምንት ሱብሂ ላይ መነሳት ያቃታት እህት አለች። «ሳይንስ 21 ቀን ይበቃል ብሏል፤ እኔ 30 ቀን ሠርቼም አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ችግሩ እኔ ጋ ነው፣ ልቤ ታትሟል» ብላ ታስባለች። አንዷ የተሳሳተች ቁጥር ተስፋ መቁረጥ ውስጥ ከተተቻት። ሸይጧን ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ለእሷ የሚነገራት ቡኻሪና ሙስሊም ከዘገቡት ሐዲስ ነው፤ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው ነው። እዚያ ውስጥ የቀን ገደብ የለም።

ቁጥር እውነት ሆኖም ሊያጠፋ ይችላል። በ1995 እ.ኤ.አ. ብሪታንያ ውስጥ አንድ ዓይነት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን አደጋ በእጥፍ እንደሚጨምር ማስጠንቀቂያ ወጣ። «እጥፍ» የሚለው ዜና አገር አዳረሰ፤ ብዙ ሴቶች በድንጋጤ አቆሙ። እጥፍ መሆኑ ውሸት አልነበረም። ግን የምን እጥፍ? ከ7000 ሴቶች አንዷን ያገኝ የነበረው ከ7000 ሁለቷን ያገኛል ማለት ነበር። በተከታዩ ዓመት በእንግሊዝና ዌልስ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ውርጃ እንደተፈጸመ ይገመታል። እርግዝና ራሱ ደግሞ ከእንክብሉ በላይ ደም የማርጋት አደጋ አለው። አንዲት «ከስንት?» የምትል ጥያቄ ሳትጠየቅ ቀረች።

አላህ በሱረቱ ኒሳእ 83ኛው አንቀጽ የሰላም ወይም የፍርሃት ወሬ ሲመጣላቸው ወዲያው የሚያሠራጩትን ይወቅሳል፤ ወደ መልእክተኛውና ነገሩን ከሚያውቁት ዘንድ ቢመልሱት ኖሮ እውነቱን አጣርተው የሚያወጡ ሰዎች ባወቁት ነበር ይለናል። አንቀጹ የሚናገረው ስለ ውሸት ወሬ ብቻ አይደለም። ወሬው እውነት ቢሆንም ወደሚያውቀው መውሰድ ይገባል። የመድኃኒት ቁጥር ወደ ሐኪም፣ የሐዲስ ቁጥር ወደ ሐዲስ ዐዋቂ ይሄዳል። ግሩፕ ውስጥ ብዙ ተከታይ ያለው ሰው ከሁለቱም አይደለም።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ሁሉም የሚወደው ክርክር አለ። «በኢትዮጵያ ሙስሊሙ ስንት በመቶ ነው?» ፌስቡክ ላይ ሁለት ቀን ብትቆዩ አራት ዓይነት መልስ ታገኛላችሁ፤ አንዳንዱ ከነጥብ በኋላ ሁለት አኃዝ ሁሉ አለው። የመጨረሻው አገር አቀፍ የሕዝብና ቤት ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ በዚያ ላይ የተመዘገበው 33.9 በመቶ ነው። ከዚያ በኋላ የታቀደው በተደጋጋሚ ተራዝሟል። ቆጠራውን አልቀበልም የሚል ሰው ምክንያቱን ያቅርብ፣ መብቱ ነው። አለመቀበል ግን ሌላ ቁጥር ከኪስ ለማውጣት ፈቃድ አይሆንም። «ከዚያ ወዲህ አልተቆጠረም» ማለት የሚያሳንሰን ሰዎች አይደለንም።

በዚህ ጉዳይ ሰለፎቻችን እንዴት እንደነበሩ እዩ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እስልምናን የተናገረውን ሰው ሁሉ ጽፋችሁ አምጡልኝ አሉ። ሑዘይፋ (ረ.ዐ) 1500 ወንዶች ጻፍን ይላሉ። በመዲና ቆጠራ ተደርጓል ማለት ነው፤ በስም፣ በጽሑፍ። የበለጠ የሚገርመኝ ግን ቡኻሪ ከዚሁ ጋር 500 የሚለውንና ከ600 እስከ 700 የሚለውንም ዘገባ ማስቀመጣቸው ነው። የሚያኮራውን ትልቁን መርጠው ሌላውን አልደበቁም። ማን ከማን ሰምቶ ምን እንዳለ በስም አስቀመጡት፤ ዑለማዎችም ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መረመሩ።

ስለዚህ የሚያስገርም ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ያም ሌላ ስንፍና ነው። በጀማዓ የሚሰገድ ሶላት ለብቻ ከሚሰገደው በ27 ደረጃ ይበልጣል የሚለው ከኢብኑ ዑመር፣ በ25 የሚለው ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በሰሒሕ መጥቷል። ይገርማል፣ ግን ሰነድ አለው፣ ተናጋሪው ይታወቃል። በአንጻሩ አንዲት ትንሽ ቃል ላለ ሰው ሰባ ሺህ ምላስ ያላት ወፍ ትፈጠርለታለች የሚለውን ዓይነት፣ ኢብኑል ቀዪም «አል-መናሩል ሙኒፍ» በተባለው ኪታባቸው ከተቀጠፉ ሐዲሶች ምልክት ውስጥ ይቆጥሩታል፤ ለትንሽ ሥራ ያለ ልክ የተከመረ ቁጥር። የሁለቱ ልዩነት መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ከማን እንደመጣ ነው።

ጃቢር ኢብኑ ዐብዲላህ (ረ.ዐ) አንድ ሐዲስ ከራሱ ከሰማው ሰሓባ አፍ ለመስማት የአንድ ወር መንገድ ተጉዘዋል፤ ወደ ዐብዱላህ ኢብኑ ኡነይስ ዘንድ፣ ሻም ድረስ። አንድ ሐዲስ። እኛ ጣታችንን ወደ ላይ አንሸራትተን ማን እንደጻፈው ለማየት ይደክመናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራቱ ለውሸት እንደሚበቃው ተናግረዋል፤ ኢማም ሙስሊም በኪታባቸው መግቢያ ላይ አስፍረውታል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ደግሞ «ይላሉ» የሚለው ቃል ለሰው መጥፎ መጓጓዣ መሆኑን ነግረውናል። «ጥናቶች ይላሉ»ም ያው መጓጓዣ ነው፤ ስሙ ብቻ ዘመናዊ ሆኗል።

እና ዛሬ ማታ አንድ ቁጥር ሲመጣላችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ማን ቆጠረው በሉ። ምኑን ቆጠረ፣ ምኑንስ ጣለ? «እጥፍ» ካለ የምን እጥፍ? «በመቶ» ካለ ከየትኞቹ መቶ ሰዎች? በተለይ ደግሞ የወደዳችሁትን ቁጥር ይህን ጠይቁት፤ የጠላችሁትንማ ማንም ይጠይቃል። መልስ ካጣችሁ አታሻግሩት። ያለማሻገር አጅሩን አላህ ያውቀዋል፤ የሚያስከፍለውም የለም። የላከላችሁ አባት ወይም እናት ከሆኑ ደግሞ ግሩፕ ላይ «ውሸት ነው» ብላችሁ አታዋርዷቸው። ለብቻ፣ በአደብ፣ «አባዬ ይህችን አጣርቼ ነበር» ማለት ይቻላል። እውነትን ይዞ ወላጅን ማስከፋት ከአንዱ ወንጀል ወጥቶ ሌላው ውስጥ መግባት ነው።

ዛሬ ጁሙዓ ነው፤ ብዙዎቻችሁ ሱረቱል ካህፍን ትቀራላችሁ። 22ኛው አንቀጽ ላይ ስትደርሱ ሰዎች ስለ ዋሻው ወጣቶች ቁጥር ሲከራከሩ ታገኛላችሁ። ሦስት ናቸው አራተኛው ውሻቸው፣ አምስት ናቸው ስድስተኛው ውሻቸው የሚሉትን አላህ የማያውቁትን በግምት መወርወር ብሎ ይጠራዋል። ሰባት ናቸው፣ ስምንተኛው ውሻቸው የሚለው ላይ ግን ያን ቃል አልደገመውም። ከዚያም ቁጥራቸውን ይበልጥ የሚያውቀው ጌታዬ ነው፣ ከጥቂቶች በቀር የሚያውቃቸው የለም እንዲሉ ነብዩን ያዛቸዋል። ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ከእነዚያ ጥቂቶች አንዱ እኔ ነኝ፣ ሰባት ነበሩ ይሉ እንደነበር ተዘግቧል። ቀስ ብላችሁ ቅሩት፤ ሁለቱ ግምቶች የተወቀሱበት ቃል የት ላይ እንደገባ፣ ሦስተኛው ጋ እንዴት እንደቀረ ራሳችሁ ተመልከቱ።

ጁሙዓ ሙባረክ።